ከንዳድ የተወለደው የጎንደር ትምህርት ቤት

ጎንደር የትምህርት አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። ዐፄ ፋሲል ከተማዪቱን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ፣ የቅኔውና የአቋቋሙ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ሲመጣባት ኖሯል። በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ ዐይነት ትምህርት ቤት ተጨመረላት፤ የዚህኛው መነሻ ግን መከራ ነው።

ከጎንደር በስተ ደቡብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ እጅግ ለም አገር ነው። ዳሩ ግን ክረምቱ ሲወጣ ውሃ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ የወባ ትንኝም በዚያ ትራባለች። ፈረንጆች 1953 በሚሉት ዓመት፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. መካከል፣ የንዳድ ወረርሽኝ ደንቢያን መታ። ሰባት ሺህ ያህል ሕዝብ አለቀ።

በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዶክተር የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም አልነበረም። ስለዚህ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ጋር ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛን በጎንደር አቋቋመ።

በዚህ ኮሌጅ ሦስት ዐይነት ባለሙያዎች ይሠለጥኑ ነበር። የጤና መኮንኑ በሽተኛውን ይመረምራል፤ የጤና ጣቢያውንም ሥራ ይመራል። የኅብረተሰብ ነርሷ እናትንና ሕፃንን በየቤታቸው እየሄደች ትጐበኛለች። ሳኒታሪያኑ ደግሞ የምንጩን ውሃ ያስጠብቃል፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቈፍራል። ሦስቱም ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በአንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች እየተላኩ በሕዝቡ መካከል ይሠሩ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ኮሌጁ በሥራ አዋለው ማለት ነው፤ መቶ በሽተኛ ተኝቶ ከሚታከም ይልቅ አንድ ምንጭ ቢጠበቅ ይሻላልና።

በ1970ዎቹ መግቢያ ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንኖቹም ትምህርት ተቋረጠ። ይሁን እንጂ ገጠሩ ያለ እነርሱ የማይሆንለት ስለ ሆነ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱ እንደ ገና ተከፈተ። ኮሌጁም አድጎ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወርሰው ምንድን ነው? ሕንፃው ያረጃል፤ ስሙም ይለወጣል፤ እንዳየነው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። የማይለወጠው ግን ተማሪው የሕዝቡን ችግር ለማየት ከከተማ ወጥቶ መሄዱ ነው። ንዳድ ዛሬም ከደንቢያ ፈጽሞ አልጠፋም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ነገ ሐኪም ወይም ነርስ ለመሆን የሚመኝ ቢኖር፣ ነጭ ካባ ከመልበሱ አስቀድሞ ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን መንገድ ይወቅ።