ተሻጋሪ ጥንቀራ፦ ክሮስ ኮምፓይሌሽን ምንድን ነው?

ተሻጋሪ ጥንቀራ ማለት አንድን ሶፍትዌር ከሚሠራበት ማሽን በተለየ ማሽን ላይ መገንባት ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ለዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም ማውጣት፣ ወይም በዴስክቶፕ ለራውተር የሚሆን ፓኬጅ ማዘጋጀት የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ክሮስ ኮምፓይሌሽን ይባላል።

ስያሜው የተገነባው ከለመድናቸው ቃላት ነው። «ዜናውን ያጠናቀረው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ኮምፓይለርም ሰው የጻፈውን ምንጭ ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ «አጠናቃሪ»፣ ሥራውም «ጥንቀራ» ነው። «ተሻጋሪ» የሚለው ደግሞ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ሲባል ከምናውቀው የመጣ ነው። ግንባታው የሚካሄድበትን «መገንቢያ ማሽን»፣ ፕሮግራሙ በመጨረሻ የሚሠራበትን «መዳረሻ ማሽን» እንበላቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የኢንቴል ቺፕ የሚፈጽመውን ትእዛዝ የስልኮች አርም ቺፕ አያውቀውም። ሁለተኛው የፋይሉ አቀራረጽ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች «ኤም» እና «ዜድ» ናቸው፤ አቀራረጹን የነደፈው የማይክሮሶፍት ባለሙያ የማርክ ዝቢኮውስኪ የስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሊኑክስ ግን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ኢ»፣ «ኤል»፣ «ኤፍ» የሚሉትን ፊደላት ይፈልጋል። ሦስተኛው ፕሮግራሙ ስርዓተ ክወናውን አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ ነው። በሊኑክስ «ጻፍ» የሚለው ጥያቄ በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ቁጥሩ 1፣ በ64 ቢት አርም ላይ 64 ነው። ስርዓተ ክወናው አንድ ሆኖ እንኳ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል።

ይህን ሁሉ ተሻግሮ መገንባት ለምን አስፈለገ? አንዱ ምክንያት መዳረሻው አቅም ስለሌለው ነው። አርዱዊኖ ኡኖ አር3 የተባለው ሰሌዳ ለፕሮግራም ማስቀመጫ 32 ኪሎባይት፣ ለሥራ ማህደረ ትውስታ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው ያለው። አጠናቃሪ ሊጫንበት አይታሰብም፤ ስለዚህ ኮዱ ኮምፒውተር ላይ ይጠናቀርና በዩኤስቢ ገመድ ይጫንለታል። ሌላው ምክንያት ቁጥጥር ነው። የቶር ብራውዘርና የቢትኮይን ኮር አዘጋጆች የዊንዶውሱን ቅጂ የሚገነቡት ሊኑክስ ላይ ነው፤ ማንኛውም ሰው ግንባታውን እንደገና አካሂዶ ባይት በባይት ያው ፋይል መውጣቱን እንዲያረጋግጥ ይፈልጋሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቢል ጌትስና ፖል አለን አልቴር ለተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያዘጋጁ አልቴር አልነበራቸውም። አለን የኢንቴል 8080 ቺፕን ባሕርይ ከመመሪያው አንብቦ በሃርቫርድ ፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ጻፈ፤ ቤዚኩም እዚያ ተሠራ። ከዚያም ውጤቱን በወረቀት ጥብጣብ ይዞ አልቴር ወደሚሠራበት ወደ አልበከርኪ በረረ። እውነተኛው አልቴር ላይ ተጭኖ 2+2 ሲጠየቅ 4 ብሎ መለሰ።

ዛሬ መሣሪያው በእጅ ነው። «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 1.5 ወዲህ፣ የመዳረሻውን ስርዓተ ክወናና ፕሮሰሰር መጥቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሲ ቋንቋም ሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ፋይል የሚያወጣ ሚንጂደብሊው-ደብሊው64 የተባለ መሣሪያ አለ። ችግሩ ያለው ከአጠናቃሪው ይልቅ በዙሪያው ባሉት ነገሮች ነው። የለባሹን ልክ በወረቀት ብቻ እንደተቀበለ ልብስ ሰፊ፣ ተሻጋሪ አጠናቃሪም የመዳረሻውን ላይብረሪዎችና ሄደር ፋይሎች ካላቀረቡለት በእጁ ያገኘውን ይዞ ሊሰፋ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በሲ ቋንቋ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ነው። ብዙ ፓኬጆች ከመጠናቀራቸው በፊት ማሽኑን የሚመረምር «ኮንፊገር» የተባለ ስክሪፕት አላቸው። ስክሪፕቱ አጭር ፕሮግራም አስነስቶ «ሎንግ ስንት ባይት ነው?» ቢል የሚመልስለት መገንቢያው ማሽን ነው፤ 8 ይለዋል። ያ 8 ፓኬጁ ውስጥ ይገባል፤ ጥንቀራውም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሊያልቅ ይችላል። ስህተቱ የሚጋለጠው ዊንዶውስ ላይ ከ2,147,483,647 የሚበልጥ ቁጥር የመጣ ዕለት ነው።

እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶችን የሚያመነጨው ኦቶኮንፍ የተባለው መሣሪያ ለዚህ ብልሃት አበጅቷል፤ በተሻጋሪ ጥንቀራ ጊዜ መጠኑን ለማወቅ ምንም ፕሮግራም አያስነሳም። መጠኑ ከተባለው ቁጥር ካልበለጠ ብቻ የሚጠናቀር ቁራጭ ኮድ ለተሻጋሪው አጠናቃሪ ይሰጠዋል። ቢያልፍም ቢወድቅም መልስ አገኘ ማለት ነው፤ እንዲህ ክልሉን እያጠበበ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ይደርሳል።

ቀለል ያሉ እንቅፋቶችም አሉ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት ያለችግር የተጠናቀረ ኮድ፣ የአንድ ሄደር ፋይል ስም በትልቅ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ሊኑክስ ላይ «ፋይሉ የለም» ተብሎ ይቆማል። ይህ ግን በግልጽ ስለሚታይ ወዲያው ይታረማል።

ተሻጋሪ ጥንቀራን የሌላ ማሽንን ፕሮግራም ከማስነሳት ጋር ማምታታት አይገባም። ኬሙ የተባለው መሣሪያ የሌላ ፕሮሰሰር ፕሮግራም፣ ዋይን የተባለው ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እንዲነሳ ያደርጋሉ፤ አያጠናቅሩም። ሆኖም ተሻግሮ የተገነባውን ፓኬጅ እዚያው መሞከሪያ ስለሚሆኑ ሁለቱ ሥራዎች አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ተሻግሮ የተገነባ ፓኬጅ ሲረከቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተገናኘው ከየትኛው ማሽን ላይብረሪዎች ጋር ነው? በምርመራው ጊዜ የመለሰው የትኛው ማሽን ነው? ፈተናውስ የተካሄደው የት ነው? ለሦስቱም መልሱ «መገንቢያው ማሽን» ከሆነ ፓኬጁ ገና አልተሞከረም።