የ77 ሚሊዮን አካውንት አደራ

በ2003 ዓ.ም. በሕማማት ሳምንት፣ ረቡዕ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን በመላው ዓለም ዘጋ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን 2011 መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ በአንድ እሑድ ስለዋለ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ተማሪዎች ለበዓሉ እረፍት ላይ ነበሩ። ጌም ከፍተው ከጓደኞቻቸው ጋር ሊገጥሙ ሲሉ ስክሪኑ አገልግሎቱ ጥገና ላይ መሆኑን ነገራቸው። በስቅለት ዓርብ ኩባንያው ከውጭ ሰርጎ የገባ ሰው እንዳለ አመነ። የትንሣኤው እሑድም አለፈ። ሙሉው ወሬ የተሰማው ማክሰኞ ነው፦ የ77 ሚሊዮን አካውንት መረጃ ሳይሰረቅ አልቀረም።

ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና ሕፃናት ነበራችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም አልተወለዳችሁም። ወሬው በእኛ ሰፈር ብዙ አላነጋገረም። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ፣ በጨዋታ ሂሳብ ከፍሎ፣ ጆይስቲክ ተቀብሎ ለሚጫወት ልጅ ስምም የልደት ቀንም የባንክ ካርድም የሚጠይቀው የለም። ዛሬ ግን በስልካችሁ ስንት አካውንት እንዳላችሁ እስቲ ቁጠሩ። ይህን ታሪክ ያነሣሁላችሁ ስለዚህ ነው።

የተወሰደው ምን ነበር? ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ የልደት ቀን፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች በምስጢር ኮድ ተቆልፈው ቢቀመጡም፣ እነርሱም አለመነካታቸውን ኩባንያው ማረጋገጥ አልቻለም። ለወላጆች በጻፈው ማስታወቂያ ላይ አንድ ሌላ ነገር ነበር፦ ለልጅዎ በእርስዎ ሥር አካውንት ከፍተው ከሆነ የልጅዎም መረጃ ተወስዶ ሊሆን ይችላል የሚል። የይለፍ ቃል በደቂቃ ይቀየራል፤ ካርድም ባንክ ሄዶ ይለወጣል። የልደት ቀኑ የተሰረቀበት የ10 ዓመት ልጅ ግን ሌላ የልደት ቀን ከየት ያመጣል?

እሑድ ሜይ 1 ቀን በቶኪዮ በተጠራው የጋዜጠኞች ጉባኤ ላይ ካዙኦ ሂራይና ሁለት ባልደረቦቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ረዘም ላለ ጊዜ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። 10 ሚሊዮን ያህል ካርዶች በኔትወርኩ ተመዝግበው እንደነበርም ተናገሩ። በማግስቱ ደግሞ ሳን ዲዬጎ ይገኝ የነበረው ሌላው የጌም ክፍላቸው፣ ሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት፣ የ24.6 ሚሊዮን አካውንት መረጃ ተወስዶበት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ከእርሱ ጋር ከ2007 ጀምሮ ተረስቶ ከቆየ አሮጌ መዝገብ 12,700 ያህል የካርድ ቁጥሮች ወጡ። ይህች አሮጌ መዝገብ ታስገርመኛለች። የማያስፈልግ ዕቃ ሳይጣል በጓዳ ተቀምጦ ሌባ ሲያገኘው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጦች አንድ ቀላል ሂሳብ ሠሩ። በመረጃ ስርቆት ላይ በተደረገ ጥናት ለአንድ ሰው መረጃ የወጣውን አማካይ ወጪ ወስደው በ77 ሚሊዮን አባዙት፤ 24 ቢሊዮን ዶላርም ደረሰ። ሜይ 23 ቀን ሶኒ ራሱ ግምቱን ሲያወጣ ግን 14 ቢሊዮን የን፣ በዶላር 171 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። በሁለቱም ቦታ መረጃቸው ለተነካው ከ100 ሚሊዮን በላይ አካውንቶች ብናካፍለው ለአንዱ 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ያህል ይደርሰዋል። በዚያው ቀን ኩባንያው በማርች 2011 ለተዘጋው የበጀት ዓመት የ260 ቢሊዮን የን ኪሳራ እንደሚጠብቅ አስታውቋል፤ የዚያ ዋና ምክንያት ግን ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተደረገ የታክስ ሂሳብ ማስተካከያ እንጂ ስርቆቱ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው ሶኒን ያከሰረው የመረጃ ስርቆት ነው ቢላችሁ አትቀበሉት።

በ14 ቢሊዮኑ ውስጥ የተቆጠረው የደንበኞችን ማንነት ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ አገልግሎት፣ ለተመላሾች የተሰጡ ነፃ ጌሞች፣ የስልክ መልስ ሰጪዎች፣ የባለሙያዎችና የጠበቆች ክፍያ፣ አዲስ የደኅንነት ሥራ፣ እንዲሁም ይቀራል የተባለ ገቢ ነው። የደንበኞች ክስ ወደፊት የሚያስከትለው ካሳ አልገባበትም፤ ክሱ ገና ጅምር ላይ ስለሆነ መገመት አይቻልም ተባለ። ከዚህ ሌላ በሶኒ መዝገብ ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል ወጪ ነበር። ካርድ ለመለወጥ የመጣውን ደንበኛ ያስተናገደው ባንክ አለ። ኤፕሪል 19 ቀን፣ መዘጋቱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዋና ነገሩ በኢንተርኔት መጋጠም የሆነ አዲስ ጌም ለገበያ ያወጡ ሠራተኞች አሉ፤ የዓመታት ድካማቸው ተገዝቶ ቤት ገባ፣ ግን የሚገናኙበት ኔትወርክ አልነበረም። አገልግሎቱ በአሜሪካና በአውሮፓ መመለስ የጀመረው ሜይ 14 እና 15 ላይ ነው፤ በጃፓን ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሐምሌ ጠባ።

በአገራችን «አደራ» የሚባለው ቃል ክብደት አለው። አደራ የሰጠ ሰው ደረሰኝ ላይጠይቅ ይችላል፤ የተቀበለውን ግን እንቅልፍ ይነሣዋል። ኦሪትም ስለዚህ ነገር ዝም አላለችም። ዘጸአት ምዕራፍ 22ን ከፍታችሁ ብታነቡ ሕጉ ከምታስቡት በላይ ዝርዝር ነው። ለባልንጀራ የተሰጠ ብር ወይም ዕቃ ከጠባቂው ቤት ቢሰረቅና ሌባው ቢገኝ፣ ሌባው እጥፍ ይከፍላል። ሌባው ካልተገኘ ግን የቤቱ ባለቤት ቀርቦ በባልንጀራው ንብረት ላይ እጁን አለማኖሩ ይጣራል። ዝቅ ብሎ ስለ እንስሳ ሲናገር ደግሞ ይለያል፤ እንስሳው ከጠባቂው ዘንድ ቢሰረቅ ጠባቂው ይተካል፣ አውሬ ሰብሮት ከሆነ ግን ማስረጃውን አምጥቶ ከመክፈል ይድናል።

የሶኒ ነገር ለዓመታት የተከራከረው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ሌባው አልተገኘም። በሰርቨሩ ላይ «አኖኒመስ» የሚል ስም ያለው ፋይል ቢገኝም፣ በዚያ ስም የሚጠሩት ሰዎች እኛ አይደለንም አሉ። የቀረው ጥያቄ አውሬ ነው ወይስ ስርቆት የሚለው ነበር። ሂራይ ለአሜሪካ ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ጥቃቱ በጥንቃቄ የታቀደ፣ እጅግ የረቀቀ ወንጀል እንደሆነ ገለጸ፤ አውሬ ነበር ማለቱ ነው። ነገር ግን በቶኪዮው ጉባኤ ላይ የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው ሌቦቹ የገቡበት ቀዳዳ በሙያው ዘንድ አስቀድሞ የሚታወቅ ድክመት እንደነበር፣ አመራሩ ግን እንዳላወቀው ተናግረው ነበር። የብሪታኒያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጃንዋሪ 2013 ውሳኔውን ሲሰጥ ሶፍትዌሩ በወቅቱ ቢታደስ ኖሮ ጥቃቱን መከላከል ይቻል እንደነበር፣ የይለፍ ቃሎቹም በአግባቡ እንዳልተጠበቁ ገልጾ፣ የሶኒን የአውሮፓ ክፍል 250,000 ፓውንድ ቀጣ። ሶኒ ይግባኝ ሊል ተነሥቶ በሐምሌ ተወው፤ ክርክሩ የኔትወርኩን የጥበቃ አሠራር በአደባባይ እንዳይገልጥበት ነው ብሎ። እኔ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። በሩ ያልተቆለፈ መሆኑን ሌሎች ካወቁት፣ የገባውን አውሬ ማለት ይከብዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን የመድኑ ነገር ነው። ሶኒ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነበረው። ደንበኞች በየፍርድ ቤቱ ሲከሱት (የመጀመሪያው ክስ የተመዘገበው ወሬው በተሰማ ማግስት ነው) መድን ሰጪዎቼ ለጠበቃዬ ይክፈሉልኝ አለ። ዙሪክ የተባለው መድን ድርጅት በሐምሌ 2011 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሄዶ የመከላከል ግዴታ የለብኝም አለ። ውሉ የሰውን ምስጢር የሚነካ ነገር «ማሰራጨትን» ይሸፍናል። ጥያቄው እንግዲህ ያሰራጨው ማነው የሚል ሆነ። በፌብሩዋሪ 2014 ዳኛው መልስ ሰጡ፦ ውሉ የሚሸፍነው ራሱ ሶኒ ቢያሰራጭ ነው፤ እዚህ ያወጡት ሌቦቹ ናቸው፤ ስለዚህ መድን ሰጪው አይከፍልም። ልብ በሉ፤ በኦሪት ጠባቂው እጁን አለማኖሩ ሲረጋገጥ ነጻ ያወጣዋል። በኒው ዮርክ ግን ሶኒ እጁ ባለመኖሩ ምክንያት መድኑን አጣ። ይግባኙ ሳይወሰን በ2015 ተስማምተው ጨረሱ። በ2014 የመድን ሰጪዎች መደበኛ ውሎች የመረጃ ስርቆትን በግልጽ የሚያስወጣ አንቀጽ ተጨመረላቸው፤ ለብቻው የሚሸጥ የሳይበር መድንም ገበያው እየሰፋ ሄደ።

ሶኒም አንዳንድ ነገር ቀየረ። በሴፕቴምበር 2011 ለመላው ኩባንያ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ሾመ። በዚያው ወር ደግሞ የአገልግሎት ውሉን አሻሽሎ፣ ደንበኞች ከእንግዲህ ተሰባስበው በአንድነት እንዳይከሱት፣ ይልቁንም በየግላቸው ወደ ግልግል ዳኝነት እንዲሄዱ የሚያደርግ አንቀጽ አስገባ። ሳያነቡ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን የተጫኑት ስንት እንደሆኑ መገመት አያቅታችሁም። በነገራችን ላይ፣ በቶኪዮ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ የጠየቀው ሂራይ በኤፕሪል 2012 የጠቅላላው ሶኒ ፕሬዚዳንት ሆነ።

እና ተጫዋቾቹስ? የተቀጣው 250,000 ፓውንድ የገባው ወደ ብሪታኒያ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ለተጫዋቾች አልተከፋፈለም። የአሜሪካው የጋራ ክስ በ2014 በስምምነት ተቋጭቶ ፍርድ ቤቱ በ2015 አጸደቀው። ዋጋው 15 ሚሊዮን ዶላር ነው የተባለው በአብዛኛው በጌምና በጌም ውስጥ ገንዘብ የሚከፈል ነበር። ማንነቱ ተሰርቆ ጉዳት የደረሰበት ሰው በማስረጃ ካቀረበ እስከ 2,500 ዶላር ሊያገኝ ይችል ነበር። ጠበቆቹ 2.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ። ቀድሞ በነፃ የተሰጠውን ጌም ያልወሰደ ተጫዋች ከዝርዝር ጌም እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ የሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት ተጫዋች ደግሞ ጌም ውስጥ ብቻ የሚሠራ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሰጠው።