የጅቡቲ በርና ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን

በ1915 ዓመተ ምሕረት አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ባሕሩንም ተሻግረው ዓደን ገቡ። ኅዳር 9 ቀን እንግሊዞች አውሮፕላኖቻቸውን አስነሥተው ትርኢት አሳዩዋቸው። ልዑልም በማየት ብቻ አልረኩም፤ እሳቸውም ይወጡ ዘንድ ጠየቁ፥ ወጡም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921፣ ሙሴ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አደረሳት። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትሩን ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር፤ ይህች ግን የባሕሩን ወበቅ ትታ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ በክንፍ ወጣች። በዚያው ወር የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ኢትዮጵያውያኑ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም ማብረር ተማሩ።

ጅቡቲ ግን የፈረንሳይ ነበረች፤ የበሩም ቁልፍ በፓሪስ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1927፣ የእኛ ሰው ልደትን በሚያከብርበት ዕለት፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሙሴ ላቫል ሮማ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ፤ ከምድር ባቡሩ ኩባንያም 2,500 አክሲዮን ለጣልያን ለቀቀለት። ከጣልያን ጋር ጦርነቱ ሲቃረብ ለኢትዮጵያ የታሰበ መሣሪያ በጅቡቲ ማለፉ እጅግ ጠበበ።

በዚያ ጭንቅ ወራት፣ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት የራስ ተፈሪ አብራሪ ሄር ሉድቪግ ቬበር በአቃቂ ሜዳ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። አብራሪ ሆኖ መሐንዲስነትን መደረብ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም፤ ብርቁ ቦታው ነው። ንድፉ ሁሉ ከራሱ ልብ የፈለቀ ነው አንልም፤ ሜይንድል ቫን ኔስ ከተባለው የኦስትሪያ አውሮፕላን የተቀዳ ነበርና። ሆኖም ድርብ ክንፉ አቃቂ ላይ ተገጠመ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሰባት ሲሊንደር ሞተርም አፍንጫው ላይ ታሰረ፤ በታኅሣሥ 1928ም በረረች። ስሟም ኢትዮጵያ 1 ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች።

ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ግርማዊነታቸው ከነቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ልዕልት ፀሐይ አብረው ሄዱ፤ ስማቸውን የያዘችው አውሮፕላን ግን በጠላት እጅ ገብታ ወደ ኢጣልያ ተጋዘች። ብዙ ዘመንም ቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆመች። ወደ አገሯ የተመለሰችው ልዕልቲቱ በ1934 ካረፉ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥር 2016 ነው።