የራስ ቁር ውስጥ የገባ ውሃ

ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሩ ሲወጣ ቤቱም አየሩም የለበሰው ልብስ ነው። ልብሱ ቢበላሽስ? የዚህን ጥያቄ ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ነገር ቢኖር ልምምዱ ዘወትር ከአደጋው ኋላ መምጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 አሌክሴይ ሌዎኖቭ ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድሞ ጠፈር ላይ ሲወጣ ልብሱ እንደ ፊኛ ተነፋና መመለስ አቃተው፤ አየሩን በገዛ እጁ አስተንፍሶ ነው የገባው። በ1966 አሜሪካዊው ዩጂን ሰርናን የቁሩ መስታወት በላቡ እንፋሎት ተሸፍኖበት በዳበሳ ተመለሰ። ከአምስት ወር በኋላ ባዝ አልድሪን አስቀድሞ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተለማምዶ ስለነበር ሥራውን ያለ ችግር ተወጣው።

የኮምፒዩተሩ ተራ በ1990ዎቹ መጣ። ሂውስተን በሚገኘው የጆንሰን የጠፈር ማዕከል ተለማማጁ ዓይኑ ላይ ስክሪን ያጠልቃል። የታሰረበት ገመድ ተለቆ ከጣቢያው እየተሽከረከረ ሲርቅ ይታየዋል። ከጀርባው ያለው ሴፈር የተባለው መሣሪያ ናይትሮጂን እየተፋ ይገፋዋል፤ ጋዙ ሳያልቅ ካልተመለሰ ሞተ ማለት ነው። ደግነቱ ከዚህ ሞት ተነሥቶ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ይሁንና ማሽኑ የሚያስተምረው ሰው ያሰበለትን ብልሽት ብቻ ነው። ጁላይ 16 ቀን 2013 ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ ውጭ ሳለ ማጅራቱ ረጠበ። ውሃው ጠፈር ላይ አይፈስም፤ ፊቱን እየለጠፈ ዓይኑንና አፍንጫውን ሸፈነው። ጀምበርም ጠለቀች። የማሰሪያ ገመዱን እየተከተለ በሩን አገኘ። ቢብስበት ቫልቩን ከፍቶ ውሃውን ለማስወጣት አስቦ እንደነበር በኋላ ጽፏል፤ ሌዎኖቭ ከ48 ዓመት በፊት የያዘው መላ መሆኑ ነው!

ከቁሩ የተገኘው ውሃ 1.5 ሊትር ያህል ነበር። ገላ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከአየሩ የሚለየው መሣሪያ ቀዳዳዎቹ በቆሻሻ ተደፍነው ኖሯል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሳምንት በፊት በዚያው ልብስ ውሃ ታይቶ ነበር፤ የመጠጥ ከረጢቱ አፍስሶ ነው ተብሎ ታለፈ። ለዚህ ዓይነቱ ቸልተኝነት የትኛው ኮምፒዩተር ልምምድ ያዘጋጃል?

ከዚያ ወዲህ ቁሩ ውስጥ ውሃ የሚመጥ ንጣፍና መተንፈሻ ቱቦ ተጨመረ። በማርች 2022 ጀርመናዊው ማቲያስ ማውረር ከውጭ ሲመለስ ቁሩ ውስጥ ዳግመኛ እርጥበት ተገኘ። ያን ጊዜ ናሳ የመጠጥ ከረጢቱን አላሳበበም፤ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ማንም በዚያ ልብስ እንዳይወጣ ለወራት አገደ።