የኅብለ ሰረሰር ጉዳትና ብግነት

ኅብለ ሰረሰር በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ ወይም በጥይት ሲጎዳ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የሚሰጠው ምላሽ ብግነት (መቆጣት) ይባላል። ምቱ በቅጽበት ያበቃል፤ ብግነቱ ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ አለን በ1911 እ.ኤ.አ. ከቆሰለ የውሻ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የተጠራቀመውን ደምና የሞተ ሥጋ ሲያስወጣ እንስሳቱ የተሻለ አገገሙ። ጉዳቱ ከምቱ በኋላም እንደሚቀጥል የጠቆመው ይህ ሙከራ ነው።

መጀመሪያ የሚነቁት እዚያው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚኖሩት ማይክሮግሊያ የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ቲኤንኤፍ-አልፋና ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ፤ ጥሪውን ተከትለው ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት፣ ኒውትሮፊሎች በሰዓታት፣ ማክሮፌጆች በቀናት ውስጥ፣ ከደም ይደርሳሉ። ማክሮፌጅ የፈራረሰውን የነርቭ ሽፋን፣ ማይሊንን፣ እየዋጠ በስብ ተነፍቶ አረፋ ይመስላል። ያለዚህ ጽዳት ጥገና አይታሰብም። ያው ሕዋስ የሚያመነጨው ኬሚካል ግን ከአደጋው የተረፈውንም ነርቭ ይገድላል። ስለዚህ ብግነትን ጠላት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ብግነትን የሚያበርደው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት ተሰጥቷል። ሆኖም ለኢንፌክሽንና ለጨጓራ መድማት ስለሚያጋልጥ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ለዚህ ጉዳት እንዳይሰጥ መክሯል።