አንድ ጽሑፍ ለብዙዎች፦ ወጋጎዳና የግራፊክስ ድራይቨር ታሪክ

በ1992 ዓ.ም. በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ቀረበ። መጽሐፉ በወላይትኛ አልተጻፈም። በጋሞኛ፣ በጎፍኛ ወይም በዳውሮኛም አልተጻፈም። ከአራቱ ተውጣጥቶ፣ ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተቀጣጥሎ «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ ነበር የተዘጋጀው። ባለሥልጣናቱ መከራከሪያ ነበራቸው። አራቱም በኦሜቶ ሥር የሚመደቡ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ለአራቱም ማተም ደግሞ ወጪ ይቆጥባል።

በኅዳር ወር ሶዶ ላይ ተቃውሞ ፈነዳ። ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰሜን ኦሞ ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ዛሬ ቦዲቲ ላይ ትምህርት የሚጀምር ልጅ በወላይትኛ ይማራል።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነሣው በፖለቲካነቱ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ውስጡ አንድ የሙያ ጥያቄ አለ። የተለያዩ ባለቤቶች ያሉትን ነገር በአንድ ጽሑፍ ማዳረስ ይቻላል? ከተቻለስ ልዩነቱ የት ይቀመጣል? በዚህ ጥያቄ ሃምሳ ዓመት የተፈተኑ ሰዎች አሉ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች።

እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኮምፒውተር ዋና ፕሮግራም፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአብዛኛው የሚጻፈው በራሱ በማሽኑ ቋንቋ ነበር። ማሽኑ ሲቀየር ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ዴኒስ ሪቺ «ሲ» የተባለውን ቋንቋ ሠራ፤ በ1973 እሱና ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን በሲ እንደገና ጻፉት። ትክክለኛው ፈተና ግን የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ዩኒክስን ከፒዲፒ-11 ወደ ኢንተርዳታ 8/32 ሲያሻግሩት ነው።

ሁለቱ ማሽኖች አይመሳሰሉም። በአንዱ ተራው ሙሉ ቁጥር 16 ቢት ሲሆን በሌላው 32 ነው። አንዱ የቁጥሩን ትንሹን ክፍል አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ሌላው ትልቁን። ይህ ቅደም ተከተል ሲምታታ «ዩኒክስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፊደላቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገለባብጠው «ኑክሲ» ይሆናል፤ ባለሙያዎች ችግሩን እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠሩታል። መፍትሔው ማሽኖቹ አንድ እንደሆኑ ማስመሰል አልነበረም። አብዛኛው ኮድ የጋራ ሆነ፤ በማሽኑ ጠባይ ላይ የተመሠረተው ጥቂቱ ተለይቶ ለብቻው ተቀመጠ።

ወጋጎዳ በተቃወመበት በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ደረጃም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። «ሙሉ ቁጥር» ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ ጸሐፊው «ልክ 32 ቢት የሆነ ቁጥር» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስችሉ ስሞችን አስገባ። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ስም ተሰጠው።

ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው በግራፊክስ ድራይቨር ላይ ነው። ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ሥዕሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው ቺፕ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ቺፖቹ ብዙ ናቸው፤ የቀለም አቀማመጣቸው እንኳ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ከተምታታ ቀይ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ብራያን ፖል በ1993 የጀመረው «ሜሳ» የተባለው ነጻ ሶፍትዌርም ሆነ የሊኑክስ ከርነል ለዚህ የደረሱበት ዘዴ ተመሳሳይ ነው። የጋራው ክፍል የሥራ ዝርዝር ያወጣል፦ ስክሪኑን አብራ፣ ሥዕሉን ቀይር፣ ማስታወሻ መድብ። እያንዳንዱ ድራይቨር በዝርዝሩ ፊት የራሱን መልስ ይሞላል።

በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ኤኤምዲ የተባለው ቺፕ አምራች ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ስክሪን የሚቆጣጠረውን ኮዱን ለዊንዶውስም ለሊኑክስም አንድ አድርጎ ጽፎ፣ ወደ 100 ሺህ መስመር የሚጠጋውን ለሊኑክስ አቀረበ። ምክንያቱ ከሰሜን ኦሞው ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ጊዜ ጽፎ ሁሉ ጋር መጠቀም ወጪ ይቆጥባል። የሊኑክስ ግራፊክስ ኃላፊ ዴቭ ኤርሊ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እምቢ አለ። ክርክሩ ኮዱ አይሠራም የሚል አልነበረም። የሊኑክስን አሠራር የሚሸፍን የራሱ ንብርብር ስላለው፣ ከኩባንያው ውጭ ያለ ሰው አንብቦ ሊያስተካክለው አይችልም የሚል ነበር። ቁጠባው ለኩባንያው፣ ሸክሙ ለሌላው ይሆናል ማለት ነው።

ኤኤምዲ ኮዱን ይዞ አልሄደም። አላስፈላጊውን ንብርብር እያነሣ፣ የሊኑክስን አሠራር በቀጥታ እየተጠቀመ እንደገና ሠራው፤ በጥር 2018 በወጣው ሊኑክስ 4.15 ውስጥ ገባ። ብዙው ክፍል ዛሬም የጋራ ነው።

የሁለቱ ታሪኮች ክብደት አይወዳደርም፤ በአንዱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ሌላው የኢሜይል ክርክር ነበር። ስህተቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። የጋራ ነገር መፈለግ ነውር የለበትም፤ ያለ ሲ የዛሬው ኮምፒውተር አይታሰብም። ችግሩ የሚመጣው የጋራው ነገር ልዩነቱን ሲሸፍንና ባለቤቱ የማያነበው፣ የማያርመው ነገር ሲሆንበት ነው። አራቱ ቋንቋዎች የጋራ የሥርዓተ ትምህርት ዝርዝር ይዘው እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቃል ሊሞሉት ይችሉ ነበር። የተደረገው ግን ዝርዝሩን ትቶ ቃሉን አንድ ማድረግ ነበር።

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ቦዲቲ ገበያ በሚመጣ ሰው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክ በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ነው። ብዙ የቺፕ አምራቾች ግን ድራይቨራቸውን ወደ ዋናው ከርነል አያስገቡም፤ በራሳቸው ቅጂ ላይ ለብቻ ያቆዩታል። አምራቹ ፊቱን ሲያዞር ስልኩ ማሻሻያ ያጣል፤ አካሉ ደህና ሆኖ ሳለ ያረጃል። ኤርሊ የተከራከረው ለዚህ ነበር፦ የሠራው ሲሄድ የቀረው ሊጠግነው እንዲችል።

በአገራችን «ለሁሉም አንድ» የሚል ዕቅድ በየጊዜው ይወጣል፤ አንድ የትምህርት ሥርዓት፣ አንድ የመታወቂያ ሥርዓት፣ አንድ የክፍያ ሥርዓት። ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ግን እያንዳንዳቸው ከመጽደቃቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ሊመልሱ ይገባል። ልዩነቱ የሚቀመጥበት ቦታ የት ነው? ሲበላሽ ማን አንብቦ ያስተካክለዋል? በ1992 ሶዶ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የጠየቀ ቢኖር፣ የመማሪያ መጽሐፍ የሞት ምክንያት ባልሆነ ነበር።