በእጅ የተሰፋ ቀሚስ ምስክርነት

ታሪክ የሚገኘው በብራናና በቀለም ብቻ አይደለም። ነገሥታት ያወጁት ዐዋጅና የጦር አለቆች የተፈራረሙት ውል በመዛግብት ቤት ተጠብቆ እንደሚኖር ሁሉ፥ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ኑሮም በእጃቸው ሥራ ላይ ታትሞ ይኖራል። የእንግሊዝ ሴቶች በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይለብሱት የነበረው ነጭ ቀሚስ ለዚህ በቂ ማስረጃ ስለ ሆነ፥ አሠራሩን ከአንባቢዎቻችን ጋር ለመመርመር አስበናል።

የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ በሕመም ምክንያት መንግሥታቸውን ለመምራት ስላልቻሉ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1811 እስከ 1820 ዓ.ም. ልጃቸው እንደራሴ ሆነው አስተዳደሩ። ዘመኑም በዚሁ የእንደራሴው ዘመን ተባለ። በዚያን ጊዜ የነበረው ቀሚስ የጥንት ግሪኮችን ሐውልት በመከተል ወገቡ ከጡት በታች ከፍ ብሎ የታሰረ፥ እስከ እግር ድረስ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነበር።

ጨርቁ ራሱ ሰፊ ታሪክ አለው። ሙስሊን የሚባለው ስስ የጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ የገነነው በቤንጋል አገር በዳካ ሸማኔዎች እጅ ነው። ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 ዓ.ም. አዲስ የመፍተያ መኪና ከሠራ ወዲህ ግን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ፋብሪካዎች ቀጭን ክር እየፈተሉ የዳካን ሸማኔ ተፎካከሩት። ለፋብሪካዎቹም ብዙ ጥጥ ይመጣ የነበረው በአሜሪካ ደቡብ ባሮች ከሚደክሙበት እርሻ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1807 ዓ.ም. የባሪያን ንግድ ቢከለክልም፥ የአሜሪካ ባርነት እስከ 1865 ዓ.ም. ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ ንጹሕ መስሎ የሚታየው ነጭ ቀሚስ የብዙዎችን እንባ ይዞ ነበር።

የልብስ ስፌት መኪና ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ፈረንሳዊው ቲሞኒዬ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1830፥ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቀሚሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅ ይሰፋ ነበር። ሰፊዋ አስቀድማ ለባለቤቲቱ ደረትን ደግፎ የሚይዘውን የውስጥ ልብስ ታለብሳታለች፤ ቀሚሱ የሚለካው በዚያ ላይ ነውና። ቀጥላም የገበሩን ጨርቅ በሰውነቷ ላይ ዘርግታ በእስፒል እየያዘች ልኩን ታወጣለች። ጨርቅ ከሰፊ ደመወዝ ይልቅ ውድ ስለ ነበረ፥ የታችኛው ክፍል ምንም ሳይባክን በአብዛኛው ቀጥ ባሉ ቁራጮች ይዘጋጃል። ክሩም እንዳይጠላለፍ በሰም ይታሻል። ረጅሙ ስፌት ወደ ፊት በሚሄድ ቀላል ስፌት ይሠራል፤ ጉተታ የሚበዛበት የደረትና የክንድ መጋጠሚያ ግን መርፌው በየእርምጃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጠብቃል። ጨርቁ ስስ በመሆኑ የተቈረጠው ጠርዝ እንዳይተረተርና በውጭ እንዳያስቀይም በቀጭኑ ታጥፎ ይዘመዘማል። በኋላ በኩል ያለው ስፋት በጥቃቅን ሽብሽብ ተሰብስቦ ከላይኛው ክፍል ጋር ይጋጠማል። መዝጊያውም ጥብጣብ፥ መንጠቆ ወይም እስፒል ነበር።

በዛሬው ጊዜ በባዝ ከተማ በደራሲዋ በጄን ኦስተን ስም በየዓመቱ በሚደረገው በዓል ብዙ ሰዎች የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ቀሚሱን በጥንቱ ሥርዐት በእጃቸው የሚሰፉም አሉ። ጃኔት አርኖልድ የተባሉ እንግሊዛዊት ሊቅ በቤተ መዘክር የሚገኙ ጥንታዊ ልብሶችን ለክተውና ሥለው በ1964 ዓ.ም. በመጽሐፍ ማውጣት መጀመራቸው ለእነዚህ ሰዎች ታላቅ መንገድ ጠርጓል።

«መኪና እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ከክሩ ይገኛል። የተለመደው የመኪና ስፌት ሁለት ክር አቈላልፎ ስለሚያጠብቅ ለመፍታት ያስቸግራል፤ ስሱንም ጨርቅ ይጐዳል። የእጅ ስፌት ግን በአንድ ክር ስለሚሠራ በቀላሉ ይፈታል። በዚህም ምክንያት ቀሚሱ ሲያረጅ ወይም ያማረበት ዘመን ሲያልፍ ተፈትቶ፥ ታጥቦ፥ እንደገና ተቈርጦ ይሰፋ ነበር፤ ከእናትም ለልጅ ይተላለፍ ነበር። ስፌቱ ደካማ መስሎ የታየው ነገር በእውነቱ የቁጠባ ጥበብ ነበር። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ያውቀዋል፤ መርፌ የጨበጠ ግን ይገባዋል።

ቀሚሱን ለብሳ በግብዣ የታየችው እመቤት ስም በደብዳቤ ወይም በሥዕል ተጠብቆ ይገኝ ይሆናል። ጥጡን የለቀመው፥ ክሩን የፈተለው፥ በሻማ ብርሃን ዐይኗን ያደከመችው ሰፊ ስማቸው አልተጻፈም። ነገር ግን ስፌቱ አለ። ያንኑ ስፌት በራሱ እጅ የሚደግም ሰው የእነርሱን ድካም በልኩ ይመዝናል፤ እኛም ይህን ከታሪክ ትምህርት ሁሉ የማያንስ ሆኖ አግኝተነዋል።